መኪናውን የሚያሞቀው ሰው

በብርድ ያደረ ሞተር ገና ሲነሳ የሚተፋው ጭስ የራሱ ሽታ አለው። እርጥብ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የሚጣፍጥ ነገር አለበት። በቀደም ካንቺ ጋር በስልክ እያወራሁ ወደ ህንጻችን ምድር ቤት ፓርኪንግ ስወርድ አንዱ ጎረቤት መኪናውን አስነስቶ ቆሞ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የምትዪኝን መስማት አቆምኩ። «ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፣ ምን ምኑን ቼክ ላድርግ?» ነበር ያልሽኝ። መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። የሚታየውን ነገር ብቻ ብነግርሽ ባጭሩ ባለቀ ነበር። እኔ ግን የተማርኩት አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ያንን ቤት ትቼ ብነግርሽ መልሱ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ያኔ እንዳንቺ ልጅ ነበርኩ። ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ፤ ሥራዬ ግን ራቅ ብሎ ስካርቦሮ ነው። አቅም ያነሳቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ ስሄድ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። በረዶ የጣለ ቀን ማቆሚያው ላይ ቆሜ የእግሬ ጣቶች የሌላ ሰው መስለው እስኪሰሙኝ እጠብቃለሁ። አንድ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ሳለቅስ አክስቴ አየችኝና «በቃ፣ መኪና ያስፈልግሻል» አለች።

አክስቴን አንቺ ያወቅሻት መንዳት ካቆመች በኋላ ነው። ያኔ የኤርፖርት ታክሲ ትነዳ ነበር። ሻርፗን ከአገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ጓንቷን በጥርሷ ታወልቃለች፣ ሲስቁባት አትሰማም። አብረዋት የሚሠሩት ወንዶች መኪና ሲገዙ እሷን አስከትለው ይሄዱ ነበር። «ሰውም መኪናም ከሞቀ በኋላ ደግ ነው፤ አመሉን የምታውቂው ሳይሞቅ ስትደርሺበት ነው» ትላለች። ስለዚህ ለሻጭ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «እስክንመጣ ሞተሩን እንዳታስነሱት» ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁት ያበሻ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። ስደውል ያነሱት አንዲት እማማ ነበሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ገና ከእንቅልፍ የነቁ የሚመስል ነበር። ባለቤታቸው ባለፈው ዓመት እንደሞቱ፣ እሳቸው መንዳት እንደማይችሉ፣ መኪናው ከዚያ ወዲህ ከጋራዥ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እትዬ፣ እስክንመጣ ሞተሩን እንዳያስነሱብን አደራ።»

«እኔ ምን አውቅና» አሉ እማማ።

ፀሐይ ያለበት ግን የሚቆራርጥ ብርድ ቀን ነበር። ቤቱ ስካርቦሮ ውስጥ፣ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ከጋራዡ በር እስከ መንገዱ ድረስ ያለውን በረዶ የወፍ እግር እንኳ አልነካውም፤ የበሩ ሥር በረዶ ግግር ሆኖ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቋል። አክስቴ ቆም ብላ አየችውና «እውነታቸውን ነው፣ አልወጣም» አለች።

እማማ በሩን ሲከፍቱ ያ የነገርኩሽ ሽታ ተቀበለን፤ ስስ ነው፣ ከወጥና ከሳሙና ሽታ ጋር ተደባልቋል። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ተሰቅሏል። እማማ ግንባራቸውን በነጭ ሻሽ ሸብ አድርገዋል፤ ጉንጫቸው ግን ከዕድሜያቸው ጋር የማይሄድ፣ የሕፃን ጉንጭ ይመስል ቀይ ነበር። ቁጭ በሉ፣ ሻይ ጠጡ አሉን። አክስቴ ከሻይ በፊት መኪናውን ማየት እንደምትፈልግ በትህትና ነገረቻቸው።

ወደ ጋራዡ የሚገባው በኩሽናው በር ነው። ውስጡ ደብዛዛ ነበር፤ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፣ እሷንም በረዶ ሸፍኗታል፣ የሚገባው ብርሃን ወተት ይመስላል። የባለቤታቸው መፍቻዎች በመጠናቸው ተራ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። መኪናው መሃል ላይ ቆሟል፤ ግራጫ፣ ንጹሕ፣ ትንሽ ጭረት እንኳ የሌለው።

አክስቴ አንዴ ዞረችው። ጎማዎቹን በመዳፏ ዳበሰች፤ በአንድ ጎን ብቻ የተበላ ጎማ የታጠፈ ነገር እንዳለ ይናገራል አለችኝ። የበሮቹን ቀለም ወደ ብርሃኑ አጎንብሳ አየች። ምንጣፉን አንሥታ ሥሩን አሸተተች፤ ጎርፍ የገባበት መኪና እዚያ ጋ ይሸታል። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ልታይ ኮፈኑን ለመክፈት እጇን አሳረፈች።

እጇ እዚያው ቀረ። ቀና ብላ አየችኝና በዓይኗ ጠራችኝ። እኔም መዳፌን አሳረፍኩ። ኮፈኑ ሞቅ ብሏል።

«እትዬ» አለች አክስቴ፣ «ማነው ያስነሳው?»

«ባለቤቴ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ያሞቀዋል፣ ልማዱ ነው።»

አክስቴ እጇን ቀስ አድርጋ አነሳች። «ሞተዋል አላሉንም?»

«ሞቷል እንጂ» አሉ እማማ። ሥራ ሄዷል እንደማለት ነበር አነጋገራቸው።

አክስቴ ከንፈሯ ውስጥ ቢስሚላህ ስትል ሰማኋት። ከዚያ የእጅ ባትሪዋንና የመኪና ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያዋን ከታክሲዋ ልታመጣ እንደሆነ ነግራን በቤቱ በኩል ወጣች። ደጅ ሳለች ከሥራ ደወሉላት፤ ያ ስልክ አቆያት።

እማማ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አክስትሽ አላመነችኝም። አልፈርድባትም። አብረውኝ የሚጸልዩት እህቶችም አላመኑኝም፤ ክፉ መንፈስ ነው፣ መኪናውን ካላስወጣሽ አይለቅሽም አሉኝ። እንጂ እኔ መሸጥ መቼ አማረኝ። ነይ ግቢ ልጄ። አንቺ ትሰሚዋለሽ።»

አሁን ቢሆን አልገባም ነበር። ያኔ ግን ሥራዬ ነበር፤ አረጋውያን ቁጭ በይ ሲሉኝ መቀመጥ፣ የሚያዩትን ነገር የለም ብዬ አለመከራከር። የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። እሳቸው ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን አዞሩት፣ በራቸውን ዘጉ። ሞተሩ ተነሳ። ከፊት ለፊት ትክ ትክ የሚል፣ ቆርቆሮ ላይ ጥፍር ሲመታ የሚመስል ድምፅ ነበረው።

የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ረጅም ሰው ይነዳው ስለነበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ ጉልበቴን ሊነካ ደርሷል። ስፖኪዮውም ወደ ላይ ቀና ብሎ ጣራውን ብቻ ያሳያል። ማሞቂያው ፊቴ ላይ የሚነፍሰው አየር ያ ሽታና የአሮጌ ሽቶ ርዝራዥ ነበረው።

«ዛሬ እንግዳ አለን» አሉ እማማ ወደ ባዶው ወንበር ዞረው።

ቀስ እያሉ አጫወቱኝ። ሆቴል ልብስ እጥበት ይሠሩ በነበረ ጊዜ ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት መኪናውን ያሞቁላቸው ነበር። ሁለቱም ገብተው ይቀመጣሉ፣ መስታወቱ እስኪጠራ ሳይነጋገሩ ይጠብቃሉ። «በቀን ውስጥ የኛ የምንላት ጊዜ እሷ ነበረች» አሉኝ። ባለቤታቸው ሲሞቱ አንድ ሰው፣ መኪናው ካልተነሳ ባትሪው ይሞታል ስላላቸው እየገቡ ማስነሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ለባትሪው ብለው ነበር። በረዶው ሲገባና በሩ ተጣብቆ አልከፈት ሲል ግን አንድ ጠዋት የባለቤታቸውን ድምፅ ሰሙ።

«ምን ይሉዎታል?» አልኩ።

«ድሮም ብዙ አያወራ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለኝ። በሩን ክፈቺ ይለኛል።»

«የቱን በር?»

«የቤቱን ነዋ። መግባት ፈልጎ ነው። እኔም እከፍትለታለሁ።»

ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ። «እሺ፣ እሺ» አሉ። ከመኪናው ወርደው የኩሽናውን በር ወለል አድርገው ከፈቱና ደፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንግዳ የሚያስገባ ሰው ፊት ነበራቸው።

እኔ ኋላ ወንበር ላይ ቀረሁ። ጆሮዬ ውስጥ የሩቅ ውሃ ድምፅ ይሰማኛል። የዓይኔ ሽፋን ከብዷል። ከመስኮቷ የሚመጣው ወተት መሳይ ብርሃን እየወፈረ መጣ። ወጥተሽ ሂጂ የሚል ሐሳብ መጣና አለፈ፤ አልተከተልኩትም። ያን ጊዜ ከፊቴ፣ ከባዶው ወንበር፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሽማግሌ ሰው ነው፤ ሊናገር ሲል የሚያደርገው ዓይነት። የሞተሩ ድምፅ አልነበረም፣ እሱ ለብቻው ትክ ትክ እያለ ነበር።

አልፈራሁም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ አለመፍራቴ ነው። ጉልበቴ የወንበሩን ጀርባ ነክቷል፣ ሙቀት ይሰማኛል፣ እንዴት ደስ የሚል ሙቀት ነው እያልኩ ነበር።

ቀጥሎ የማስታውሰው የቀዘቀዘ እጅ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ነው። አክስቴ ነበረች። ቁልፉን አጥፍታ በብብቴ ይዛ አወጣችኝ፤ ከዚያ ለቀቀችኝና ወደ ጋራዡ በር ሄደች። ጎተተችው፣ አልነቃነቅ አለ። በቦት ጫማዋ ሥሩን መታችው፣ በትከሻዋ ገፋችው፣ ደግማ መታችው። ግግሩ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። በሩ እየጮኸ ተነሳና ነጭ ብርሃንና ብርድ አንድ ላይ ገቡ። በአራት እግሬ ወጥቼ በረዶው ላይ አስታወክሁ።

አክስቴ እማማን ደግፋ አውጥታ ከጎኔ አስቀመጠቻቸው። ኮቷን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለች። «እትዬ፣ ራስዎን ያምዎታል?» አለች።

«ከገና ወዲህ አልተወኝም።»

«ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው መሣሪያስ የት ነው? ግድግዳው ላይ ቦታው አለ፣ እሱ የለም።»

«ሲጮህብኝ ጊዜ ባትሪውን አውጥቼ አስቀመጥኩት» አሉ እማማ። «ጆሮዬን በላው'ኮ።»

አክስቴ 911 ደወለች። እሳት አደጋዎች መጥተው የሚለካ ነገር ይዘው ገቡ፤ መሣሪያው ኩሽናው ውስጥ ጮኸ፣ ሳሎን ጮኸ፣ ፎቅ ላይ መኝታ ቤታቸው ድረስ ጮኸ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱ። ተዘግቶ የከረመው መጋረጃ ወደ ውጭ እየተውለበለበ በረዶው ላይ ሲወዛወዝ ትዝ ይለኛል። አንደኛው ሰውዬ አክስቴን ገለል አድርጎ «ትንሽ ሰንብታችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሆስፒታል እኔን ቶሎ ለቀቁኝ፤ እማማ ግን ኦክስጅኑ አፋቸው ላይ ሆኖ ዋሉ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ እኔ እያስተረጎምኩ አስረዳቻቸው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሳበው ሰው ራሱን ያመዋል፣ የሌለ ነገር ይሰማል፣ የሌለ ሰው ያያል። እማማ በጥሞና ሰሟት። ሲያበቃ ጭምብሉን ዝቅ አደረጉት።

«ጋዝ ነው አለች?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጋዝ አማርኛ ይችላል እንዴ?»

ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። አመስግነውሻል አልኳት።

ወደ አመሻሹ ላይ አክስቴ ለመስገድ ወጣ ብላ ሳለ እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። ተኝተው መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣ አክስትሽ የሰበረችው በር።»

«የጋራዡን በር ነው?»

ጭምብሉ ውስጥ ትንፋሻቸው ደመና እየሠራ ይጠፋል።

«እሱን ኖሯል'ኮ ክፈቺ የሚለኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አክስቴ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ይዣት ነገርኳት። ሱብሃነላህ ብላ ቅርቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስተን ወደ መኪናዋ ሄድን። እዚያም ቁልፉን ይዛ ቆመችና «እኔ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው የማውቀው፤ የሞተ አይናገርም» አለች። ቀጥላም፣ እኔን ሳታየኝ፣ «ግን ባለቤታቸው በትክክል ነው የነገሯቸው» አለች።

መኪናውን መግዛት አልፈለግኩም። እማማ ግን ለሌላ ሰው አልሸጥም አሉ፤ የጸሎት እህቶቻቸውም ቶሎ ይውጣ ይላሉ። አክስቴ ጎትታ ዌስተን ወዳለው መካኒኳ ወሰደችው። ሰውዬው ከሥሩ ገብቶ ሲያይ ከሞተሩ ጭስ የሚያወጣው ብረት ተሰንጥቋል፤ ያ ትክ ትክ የሚለው ድምፅ የሱ ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ስንጥቁ ይገጥማል፣ ድምፁም ይጠፋል። ሳይሞቅ ድረሺበት የምትለው ለዚህ ነው፤ አንቺም ይህንን ያዥ። ከተቀየረ በኋላ አክስቴ የጋዝ መለኪያ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጣ፣ ደጅ ላይ፣ ሞተሩን አስነስታ፣ መስኮቱን ዘግታ ከሾፌሩ ጎን ለብቻዋ ተቀመጠችበት። እኔ ከውጭ ቆሜ ፊቷን ስጠብቅ ነበር። ወጥታ «ጤነኛ መኪና ነው፣ የበደለው ነገር የለም» አለች።

መካኒኩም ረጅም ሰው ስለነበር ወንበሩንም ስፖኪዮውንም ሳይነካ ነድቶ መልሶት ነበር። ልረከብ የሄድኩ ቀን እማማ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ገብቼ ስቀመጥ እግሬ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። ከወንበሩ ሥር ያለውን እጀታ ይዤ ወደ ፊት ሳብኩት፤ ሐዲዱ ላይ ካካ ካካ እያለ መጣ። ቀና ስል እማማ ፊታቸውን አዙረዋል። ስፖኪዮውን ደግሞ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። እሱን መንገድ ከወጣሁ በኋላ አደረግኩት።

ብዙ ዓመት ነዳሁት፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለኝም። እማማን ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያናቸው አደርሳቸው ነበር። ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የሚቀመጡት። መጀመሪያ ሰሞን ሞተሩን ሳስነሳ ወደ ግራ ዞር ይላሉ፤ እኔን ሲያዩ ፈገግ ብለው ወደ መንገዱ ይመለሳሉ። ኋላ ኋላ መዞሩንም ተዉት። እኔ ያን ጉሮሮ ሲጠረግ የሰማሁትን አልነገርኳቸውም፤ አክስቴንም አልነገርኳት። ጋዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ካንቺ በቀር የሰማኝ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲገባ አንድ ጠዋት፣ በሁለት ሥራ መሃል ክፍተት አግኝቼ ጎራ አልኩ። ቤቱ ተለውጧል። መጋረጃው ተከፍቷል፣ ግድግዳው ላይ አዲስ መሣሪያ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል፣ ሻሹም ከግንባራቸው ወርዷል። ጉንጫቸው የዕድሜያቸውን መልክ ይዟል። ትኩስ የምስር ሾርባ አቀረቡልኝና ስበላ ከፊቴ ተቀምጠው አዩኝ።

«እንዴት ነዎት፣ እማማ?»

«ተመስገን። እንቅልፍ ይወስደኛል። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈው ወደ ኩሽናው በር አዩ። በሩ ተዘግቶ ነበር። «ጠዋት እነሳና እዚህ እቀመጣለሁ። አዳምጣለሁ። ምንም የለም። ጤና እንዲህ ጭር ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ቶሎ ልሄድ ብዬ ኮቴን ሳላወልቅ ነበር የምበላው። አውልቄው ወንበሩ ላይ ሰቀልኩትና ዞሬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አላወራንም።

ያን ቀን የሚቀጥለው ቤት ዘግይቼ ደረስኩ።